እማሆይ የቆጠሩት ትንፋሽ

እንጀራዬ የሰው ልጅ መጠበቅ ነው። ከላሊበላ ገበያ ዝቅ ብላ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ እናቶቻቸው ሆቴልና ሱቅ የሚውሉ ስምንት ሕፃናት ይዤ እውላለሁ። ከታናሽ እህቴ ጋር ነው የምንሠራው። ስሜ የሺ ነው፤ ልጆቹ ግን አንዱም በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፣ ለሁሉም አክስት ነኝ። ድሮ እኔም ሆቴል አልጋ አነጥፍ ነበር። እንግዳ ጠፍቶ ሆቴሎቹ ሲዘጉ ቤቴ ተቀመጥኩ። በኋላ ሥራው ሲመለስ አብረውኝ ይሠሩ የነበሩት ሴቶች ልጅ ወልደው ነበርና "አንቺ ያዢልን" አሉኝ፤ በዚያው ቀረሁ።

ያን ጊዜ አንድ ሕግ ነበረችኝ። ልጁን እጠብቃለሁ፣ የቤቱን ነገር ለቤቱ እተዋለሁ። ልጁ ከሳ፣ ልብሱ ሳሳ፣ እናትና አባቱ ተኳረፉ፣ እኔ አላየሁም፣ አልሰማሁም። ወላጅ በነገሩ ሲገቡበት ይቀየማል፤ የተቀየመ ወላጅ ደግሞ ልጁን ይዞ ይሄዳል። በዚህች ሕጌ እኮራባት ነበር። ጨዋ የምባለውም በእሷ ነው።

ሌላም ነገር ልንገራችሁ፣ ኋላ ስለሚያስፈልገን። አንድ ጊዜ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ልጅ የምንጠብቀውን ሴቶች ቀበሌ ሰብስባ ግማሽ ቀን አስተምራን ነበር። ስለ ተቅማጥ፣ ስለ ትኩሳት፣ የልጅ ትንፋሽ እንዴት እንደሚቆጠር። ስንለያይ ሥዕል ያለበት ወረቀት ሰጠችን። እኔ ወረቀቱን አመስግኜ ተቀበልኩና ቤቴ ወስጄ ከበሩ ጀርባ ለጠፍኩት። እዚያ ጋ ግድግዳው ተልጦ ያሳፍረኝ ስለነበር በደንብ ሸፈነልኝ። ከዚያ ወዲያ አንብቤው አላውቅም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ያለፈው ገና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነው። ሰኞ ጠዋት ደብሬ ልጇን ቤዛን አዝላ መጣች። ደብሬ ሆቴል አንሶላ የምታጥብ ዝምተኛ ሴት ናት። ለበዓሉ እንግዳ ሊገባ ስለሆነ አንሶላው ተቆልሎ ይጠብቃታል፣ እንደቆመች ነው ልጅቷን ያቀበለችኝ። ቤዛ ሦስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ይቀራታል። ተቀብዬ ሳያት ዓይኖቿ ቀልተዋል፣ አፍንጫዋ ይፈሳል፣ ግንባሯ ለብ ይላል።

"ጉንፋን ነው እንዴ?" አልኳት።

"ጉንፋን ነው፣ ብርዱ እኮ አልተቻለም" አለችና ሄደች።

ዓይን እንደዚያ የሚያቀላ ጉንፋን እንዳላየሁ ልቤ ያውቃል። ግን ሕጌ አለችኝ። ዝም ብዬ አስገባኋት።

የቤዛን አንድ ጠባይ ልንገራችሁ። አባቷ ሙሉቀን ባጃጅ ነጂ ነው። በመንገዱ ላይ ስንት ባጃጅ ያልፋል፣ ለእኔ ሁሉም አንድ ድምፅ ነው። ይህች ልጅ ግን የአባቷን ባጃጅ ከሩቅ ለይታ "አባ!" ብላ ትነሣለች፤ አንድ ቀን እንኳን ተሳስታ አታውቅም። ያን ቀን ማታ ሙሉቀን ሊወስዳት መጥቶ በሩ ላይ አቆመ። ቤዛ ፍራሹ ላይ እንደተኛች ቀረች። ጭንቅላቷን አላነሣችም። እኔም ደክሟት ነው ብዬ ጠቅልዬ ሰጠሁት።

ማክሰኞ አልመጣችም። ረቡዕም አልመጣችም። ሐሙስ ደብሬ ስልክ ደወለች፤ ድምጿ ዝቅ ያለ ነው፣ ከአጠገቧ ሰው ያለ ይመስላል።

"እትዬ፣ ቤዛን እንዳትጠብቂያት። ኩፍኝ ወጣባት።"

"ሐኪም አያት?"

"እማሆይ አይሆንም ብለዋል" አለች። "ኩፍኝ መርፌ አይወድም፣ ከተወጋች ወደ ውስጥ ይመለስባታል ነው የሚሉት። ወጥቶ ሲያልቅ ይለቃታል አሉ።"

እማሆይ አስካለ የሙሉቀን እናት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ ጭነው፣ ዕድሜያቸው ሲገፋ ከብልባላ በኩል ካለው ገጠር ልጃቸው ዘንድ መጥተው ነው የሚኖሩት። በሰፈሩ የታመመ የሚጠይቁ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ ሰው ናቸው። እሳቸው አይሆንም ያሉት ነገር በዚያ ቤት አይሆንም።

"አንቺስ ምን ትያለሽ?" አልኳት ደብሬን።

"እኔማ ምን እላለሁ እትዬ። የሳቸውን ቃል አልፌ ልጄ አንድ ነገር ብትሆን ማን ይመልስልኛል?"

"እግዜር ይማራት" ብዬ ዘጋሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ስልኩን ዘግቼ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ቤዛ አልነበረም። ከእሷ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ ስለተኙት ሰባት ልጆች ነው ያሰብኩት። ለእናቶቻቸው ሁሉ ደወልኩ፣ የክትባት ካርዳቸውን አምጡ አልኩ። ሰባቱም ተከትበዋል። የቤዛን ካርድ ጠይቄ እንደማላውቅ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ኋላ እንደሰማሁት የኩፍኝ ክትባቷ በሚደርስበት ወር አገሩ ተረብሾ መንገዱ ተዘግቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ተረሳ።

ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የባጃጅ ድምፅ በሬ ላይ ቆመ። ሙሉቀን ነው። ቤዛ ሰኞ ዕለት የረሳቻትን ቀይ ብርድ ልብስ ሊወስድ መጥቶ ነው።

"እንዴት ናት?" አልኩት።

"ሽፍታው ጥሩ ወጥቷል፣ እማሆይ ደስ ብሏቸዋል።" ብርድ ልብሱን ያገላብጣል። "ግን እትዬ፣ አተነፋፈሷ ገረመኝ። ተኝታ እያለች የሮጠ ሰው ነው የምትመስለው። እንደው ተኝታ ትሮጣለች።"

ይህን ሲል በሩ ክፍት ነበር። ሄጄ ዘጋሁትና ከበሩ ጀርባ ያለውን ወረቀት አየሁ። አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ ደረቱን ስታይ የሚያሳይ ሥዕል አለ። ከሥሩ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ በአንድ ደቂቃ ውስጥ አርባ ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት ይላል። ወረቀቱን ስቤ ሳወርደው የግድግዳው ልስን አብሮ ተልጦ ወደቀ።

"ውሰደኝ" አልኩት።

"እማሆይ አያስገቡሽም።"

"በር ላይ እቆማለሁ።"

ልጆቹን ለእህቴ ትቼ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ባጃጁ ውስጥ ገባሁ። መንገዱ ላይ ከሩቅ አገር በእግራቸው የመጡ ምእመናን ከነስንቃቸው ይጓዛሉ፣ ሙሉቀን ጥሩንባ እየነፋ በመሐላቸው ያልፋል። እኔ ኋላ ቁጭ ብዬ ለእማሆይ የምለውን አዘጋጃለሁ። ባለሙያዋ ያስተማረችንን ሁሉ አስታወስኩ። ልከራከር፣ ልረታ ነው የምሄደው። ደግሞም ተናድጃለሁ። ጤና ጣቢያው በባጃጅ አሥር ደቂቃ አይሞላም፣ ባጃጁ የራሳቸው በር ላይ ቆሞ ያድራል። ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው እያልኩ ነበር።

ስንደርስ እማሆይ በሩ ላይ ቆመዋል። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። በግራ እጃቸው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል፤ ጣታቸው እያወሩም አያርፍም፣ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ይገፋል።

"እንደምን አደሩ እማሆይ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ደኅና አደርሽ ልጄ።" ከበሩ ፈቀቅ አላሉም።

"ቤዛን ልጠይቅ ነበር።"

"አውቄአለሁ። አንች ክፉ አታስቢም። ግን ኩፍኝ የተኛበት ቤት ከመንገድ የመጣ ሰው ዘው አይልም።"

"ከበር ሆኜ ልያት።"

"ከበርማ ንፋስ ይገባል።" ትንሽ አዩኝና ከግቢው ጥግ ያለውን ድንጋይ አሳዩኝ። "እዚያ ላይ ተቀመጭ። የመንገዱ ሙቀት ይውጣልሽና እናያለን።"

ተቀመጥኩ። ሙሉቀን ቤት ገባና ብርድ ልብሱን ሰጥቶ ወጣ። ከውስጥ ሳል ይሰማኛል፤ አጭር፣ ደረቅ፣ ተከታታይ። መነሣት አልችልም፣ አላስገቡኝም። ወረቀቱን በነጠላዬ ሥር ይዤዋለሁ። እማሆይ መጡና እንደኔው ሌላ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

"መርፌ ልታስወጊያት ነው የመጣሽው" አሉኝ ዝግ ብለው።

"ሐኪም እንዲያያት ነው እማሆይ።"

"ያው ነው።" ፍሬዎቹን ገፉ። "ሙሉቀን በኩሬ አይደለም። ከሱ በፊት አንድ ነበረኝ፣ ይበልጣል የሚባል። የዚህችን ልጅ ያህል ነበር። ኩፍኝ ወጣበት። ሰዎች ሐኪም ዘንድ ውሰጂው አሉኝ፣ እኔም አዝዬ ሄድሁ። ሩቅ ነው፣ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። መርፌ ወጉልኝ። ስመለስ መንገድ ላይ ጀርባዬ ላይ ቀዘቀዘ። እኔ አልሰማሁም፣ ተኝቷል ብዬ እየሄድሁ ነበር። አንዲት ሴት ናት አይታ ያስቆመችኝ።"

ባጃጁ ውስጥ ያዘጋጀሁት ንግግር በሙሉ ጠፋብኝ። ንዴቴም ጠፋ። እኒህ ሰው ልጅ መግደል የሚፈሩ እናት ናቸው፤ እኔ ግን ግትር አሮጊት ልረታ ነበር የመጣሁት። አፈርኩ።

"ነፍሱን ይማርልዎት እማሆይ" አልኩ። ከውስጥ ቤዛ አሁንም ትስላለች።

ምን ያህል እንደተቀመጥን አላውቅም፣ ለእኔ ረጅም ነበር። በመጨረሻ እማሆይ መዳፌን ዳስሰው "በርዶልሻል፣ ግቢ" አሉኝ።

ቤቱ ጨልሟል። መስኮቱን በጋቢ ጋርደውታል። ደብሬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ለአራት ቀን ከሥራ ቀርታ ፊቷ አመድ መስሏል። ቤዛ ቀይ ብርድ ልብሷን አቅፋ በጀርባዋ ተኝታለች። ፊቷ በሽፍታ ተሸፍኗል፣ ዓይኖቿ በግማሽ ተከፍተዋል። እኔን አየችኝ፣ አላወቀችኝም። ልብሷን ገለጥኩ። አፍንጫዋ ይርገበገባል፣ ስትተነፍስ ከጎድን አጥንቷ ሥር ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ሥዕሉ ላይ ያለው ነው።

ስልኬን አውጥቼ አንድ ደቂቃ ቆጠርኩ። "ሃምሳ ስምንት" አልኩ። ወረቀቱን ዘርግቼ ከአርባ ጀምሮ አደጋ እንደሆነ አሳየኋቸው።

እማሆይ ወረቀቱን አላዩትም። "ያንች ቁጥር ያንች ነው ልጄ" አሉኝ በትሕትና። "ለመናገር መጥተሽ ተናገርሽ። እግዜር ይስጥልኝ።"

መሸኘቴ ነው። ደብሬን አየኋት፣ መሬት መሬት ታያለች። የሚቀረኝ ነጠላዬን አስተካክሎ መውጣት ነበር። ያችን ሕጌን ባከብር እወጣ ነበር። ያኔ ዓይኔ እማሆይ እጅ ላይ ዐረፈ። አውራ ጣታቸው ፍሬዎቹን እየገፋ ነው።

"እማሆይ፣ መቁጠሪያዎ ስንት ነው?"

"አርባ አንድ።"

"እርስዎ ራስዎ ይቁጠሩልኝ። ደረቷ አንድ ጊዜ ከፍ ሲል አንድ ፍሬ።"

ፊታቸው ተለወጠ። "አበስኩ ገበርኩ። መቁጠሪያ የጸሎት ነው፣ እህል መስፈሪያ አይደለም።"

"ይጸልዩበት። በአንድ ትንፋሽ አንድ እግዚኦ ይበሉ። ደብሬ ስልኩን ትያዝ፣ ደቂቃው ሲሞላ ትንገረን። ደቂቃው ሳይሞላ መቁጠሪያው ዞሮ ካለቀ ልጅቷ አቅሟ እያለቀ ነው። ካልዞረ እኔ ተሳስቻለሁ፣ ወደ ልጆቼ እሄዳለሁ፣ ዳግመኛ በዚህ ነገር አልመጣብዎትም።"

እማሆይ መቁጠሪያውን አዩ፣ ልጅቷን አዩ። ከዚያ ተንበርክከው የግራ መዳፋቸውን ቤዛ ሆድ ላይ አኖሩ፣ መቁጠሪያውን ወደ ቀኝ አዛወሩ። ደብሬ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች።

"ጀምረናል" አለች።

እግዚኦ። እግዚኦ። እግዚኦ። በሹክሹክታ ነው የሚሉት። መጀመሪያ እንደ ልማዳቸው ዝግ ብለው ጀመሩ፤ ወዲያው ከሥሩ ያለው ደረት ቀደማቸው። ማፍጠን ነበረባቸው። ከንፈራቸው ቃሉን ጨርሶ መዝጋት አቃተው። ፍሬዎቹ እየተንሸራተቱ ዙሩ የሚያልቅባት መስቀል ወደታሰረችበት ይጠጋሉ። እኔ ከአንድ እስከ መቶ የተባለውን ቁጥር ሁሉ ረስቼ መስቀሏን ብቻ አያለሁ። ጣታቸው መስቀሏን ነካ።

"ደብሬ፣ ስንት ሆነ?" አልኩ።

"አርባ ሦስት ሰከንድ" አለች።

እማሆይ አላቆሙም። መስቀሏን አልፈው ደግመው ከመጀመሪያው ፍሬ ጀመሩ፣ ደቂቃው እስኪሞላ እግዚኦ ማለታቸውን ቀጠሉ። ሲሞላ ጣታቸውን ካለበት ሳያነሡ "ድገሚው" አሏት ደብሬን። ደገሙ። ሁለተኛውም እንደ መጀመሪያው ሆነ።

መቁጠሪያውን አጥፈው ሳሙትና ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። ወደ እኔ ዞሩ። "መርፌ ይወጓታል?"

እዚህ ላይ መዋሸት አማረኝ። አይወጓትም፣ ሽሮፕ ነው የሚሰጧት ብል ነገሩ ያልቃል። ግን እጃቸው አሁንም ልጅቷ ሆድ ላይ ነው።

"አላውቅም እማሆይ። ሊወጓት ይችላሉ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሙሉቀን" አሉ ወደ ውጭ፣ "አስነሣ።"

ባጃጅ ውስጥ ልጅቷን ራሳቸው ታቅፈው ተቀመጡ። ደብሬ ልቀበልዎት ስትል አልሰጡም። ደጋግመው ፊቷን ይገልጣሉ፣ አፍንጫዋ ላይ መዳፋቸውን ያኖራሉ። ለምን እንደሆነ ገባኝ፤ ዳግመኛ ሳይሰሙ መሄድ አልፈለጉም።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ወጣት ነርስ ተቀበለችን። ደረቷን አዳመጠች፣ ጣቷ ላይ ኦክስጅን የሚለካውን ሰካች። "ኩፍኙ ብቻውን አይደለም፣ የሳንባ ምች ተጨምሮበታል" አለችን። ሆስፒታል መተኛት አለባት፣ ግን ከመሄዷ በፊት የመጀመሪያው መድኃኒት እዚሁ ይሰጣል። መርፌ ነው። ነርሷ መርፌውን ስታዘጋጅ የእማሆይን ፊት ማየት አቃተኝ።

"እማማ፣ ለእናትየው ይስጧትና እርስዎ ውጭ ይቆዩ" አለቻቸው።

"አይሆንም" አሉ እማሆይ። "እኔ ነኝ የምይዛት።"

ያዟት። ቤዛ ስትወጋ ደከም ያለ ልቅሶ አለቀሰች። እማሆይ ዓይናቸውን አልጨፈኑም። ከዚያ ሆስፒታል ሄድን፣ አፍንጫዋ ላይ ኦክስጅን ተደረገላት፣ ለዓይኗ ይጠቅማል የተባለ ጠብታ በአፏ ተሰጣት። እኔ አመሻሽ ላይ ወደ ልጆቹ ተመለስኩ።

እሑድ እንደዚያው ሆና ዋለች። ዶክተሩ ተስፋም አልቆረጠም፣ ተስፋም አልሰጠም። ሰኞ በምሳ ሰዓት ስሄድ እማሆይን የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ አገኘኋቸው። መቁጠሪያው ከእጃቸው ነው።

"ዛሬ አልሞላም" አሉኝ።

"ምኑ?"

"መስቀሏ ጋ ሳልደርስ ደቂቃው አለቀ። ሦስት ፍሬ ቀረኝ። ደብሬን ሦስት ጊዜ አስደገምኋት።"

ሠላሳ ስምንት ማለት ነው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አለቀስኩ፣ አላፍርበትም። እሳቸው አላለቀሱም። እንዲህ አሉኝ፦

"ልጄ፣ ይበልጣልን በስንተኛው ቀን እንደወሰድሁት ታውቂያለሽ? በሰባተኛው ነው። ስድስቱን ቀን ይለቀዋል እያልሁ ቤት አስተኝቼው ነበር። እሱም በመጨረሻው ተኝቶ ይሮጥ ነበር። ሙሉቀን ስለዚህች ሲናገር ሰምቼ አስታወስሁት። መርፌው ነው እያልሁ ይኸን ሁሉ ዘመን ኖርሁ። መርፌው ነበር ትያለሽ?"

ሕይወቴን ሙሉ እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። አይ ብል ስድስቱን ቀን በእሳቸው ላይ መጫኔ ነው፤ አዎ ብል ነገ የሚታመም ሌላ ልጅ ከሐኪም ይቀራል።

"እኔ አላውቅም እማሆይ" አልኩ። "ግማሽ ቀን በእግር ነበር ብለውኛል። የእኛ አሥር ደቂቃ ነው።"

እጄን ያዙኝ። በዚያው ተቀመጥን። ጥቂት ቆይቶ አንድ ባጃጅ ከበሩ ውጭ ሲቆም ሰማን፤ ሙሉቀን ምሳ ይዞ መጥቶ ነው፣ እኔ እንኳን የሱ መሆኑን አላወቅኩም ነበር። ከመስኮቱ ውስጥ፣ ሻከር ባለች ቀጭን ድምፅ፣ "አባ" የሚል ቃል መጣ። ደብሬ ወደ መስኮቱ ሮጣ "ሰማችሁ?" አለችን።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ቤዛ ድናለች። ሰባቱም ልጆች ደኅና ናቸው። ነገሩን የጻፍኩላችሁ ግን አንዲት አሮጊት ልጅ ልታስገድል ነበር ብዬ ለማማት አይደለም። ወላጆች ዘገዩ ስትሉ የእኔንም ቀን ቁጠሩልኝ። ሰኞ ጠዋት ቀይ ዓይን አይቻለሁ። ሐሙስ በስልክ "እግዜር ይማራት" ብያለሁ። እማሆይ ፈርተው ነው የዘገዩት፣ እኔ ጨዋ ለመባል ነው። የቱ እንደሚብስ እናንተ ፍረዱ።

አሁን ጠዋት ልጅ ስቀበል በሩ ላይ አቆየዋለሁ። ዓይኑን አያለሁ፣ ልብሱን ገለጥ አድርጌ ደረቱን አያለሁ፣ እናቲቱን እጠይቃለሁ። የሚቸኩሉ ይነጫነጩብኛል። አንዷ "ማን ሐኪም አደረገሽ?" ብላ ልጇን ወስዳለች፤ ከፍቶኛል፣ ግን ጥያቄዬን አላቆምኩም። አንድ ነገር ደግሞ ተምሬአለሁ። ሰው ልጁን ከሐኪም ሲያስቀር ካየሁ መጀመሪያ ምን እንደደረሰበት እጠይቀዋለሁ። ከንግግሬ በፊት እዚያ ድንጋይ ላይ መቀመጥ ነበረብኝ።

ለዳግም ትንሣኤ ሰሞን እማሆይ ቤዛን አስከትለው ቤቴ መጡ። ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አዲስ መቁጠሪያ ሰጡኝ። መስቀል የለውም፤ ክር ብቻ ነው የታሰረበት።

"ይኸ የጸሎት አይደለም" አሉኝ። "የልጆቹ ነው። ወረቀትሽ አርባ አይደል የሚለው? አርባ አድርጌዋለሁ።"

ቆጠርኩት፣ አርባ ነው። "አርባ አንደኛዋስ የት ሄደች?" አልኳቸው በጨዋታ።

እማሆይ እጅጌያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። አንዲት ፍሬ ብቻዋን በጥቁር ክር ታስራ ከእጃቸው አንጓ ላይ ትታያለች። "እችን ለኔ አስቀረኋት" አሉ፣ መልሰውም በእጅጌያቸው ሸፈኗት። የማን መታሰቢያ እንደሆነች አልጠየቅኳቸውም። መቁጠሪያውን ከበሩ ጀርባ፣ ወረቀቱ በነበረበት ግድግዳ ላይ በሚስማር ሰቀልኩት።